መዶሻ ያልነካው ዝግባ

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን በእጄ ያለውን የመንግሥት ንብረት ላስረክብ አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ካፖርቱን ተረከቡኝ፤ ፊሽካውን ተረከቡኝ፤ ዝናብ ማስገባት ከጀመረ የቆየውን የዝናብ ልብስ ሳይቀር አገላብጠው ተረከቡኝ። መዶሻውን ከከረጢቴ ሳወጣ ግን የንብረት ክፍሉ ሹም ግራ ገባው።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የማኅተም መዶሻ ነው።»

«ምን ያደርጋል?»

በአንድ ወገኑ ትንሽ መጥረቢያ፣ በሌላው ወገኑ የዘውድ ምልክት የተቀረጸበት ብረት መሆኑን አሳየሁት። በመጥረቢያው የዛፉን ቅርፊት ላጥ ታደርጋለህ፣ ገልበጥ አድርገህ በማኅተሙ ትመታለህ፣ ዘውዱ እንጨቱ ላይ ይቀራል፤ ያ ዛፍ እንዲቆረጥ ተፈቀደ ማለት ነው አልኩት። ሳቀብኝ።

«አባቴ፣ ዛሬ እኮ በቀለም ነው። ቀይ የተቀባ ይቆረጣል፣ ነጭ የተቀባ ለዘር ይቀራል፣ ያልተቀባ አይነካም። ቀላል ነው። ይውሰዱት፣ ሚስማር ይምቱበት።»

ቀላል ነው! ለዚያ ለቀላሉ ነገር፣ ለአንዲት ቆርቆሮ ቀለም፣ ስንት ጊዜ ደጅ እንደጠናን ይህ ሰውዬ በምን ያውቃል። ንዴቴ ቤቴ እስክገባ አልበረደም፤ ይህንን የምጽፈውም እሱው አላስቀምጥ ብሎኝ ነው።

የቡራዩ ልጅ ነኝ። አባቴ ገበሬ ነበሩ፤ እቤታችን አማርኛውም ኦሮምኛውም እኩል ይነገር ነበር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ገፈርሳ ላይ የደን ጠባቂ ሆኜ የተቀጠርኩትም ማንበብ የሚችልና ከገበሬው ጋር የሚግባባ ሰው ተፈልጎ ነው። ደሞዙ ደሞዝ ከሚባል ባይጠራ ይሻለው ነበር፤ እሱን እንተወው። ሥራዬ ከውሃ ማጠራቀሚያው በላይ ያለውን ባሕር ዛፍ መጠበቅ ነበር። አለቃችን የቀድሞ የጦር ሰው ናቸው፤ ዛፍን የሚወዱት በሰልፍ ሲቆም ብቻ ነው። በባሕር ዛፉ መስመር መካከል ወፍ የጣለችው የወይራ ችግኝ ብቅ ካለ በከዘራቸው እየጠቆሙ «ይኼ በማን ፈቃድ ገባ?» ይሉ ነበር። እኛም እንነቅላለን። ወይራ ስነቅል እጄን ቅር ይለው ነበር፤ ግን ማን ጠይቆኝ።

ከዚያ ወደ ሱሉልታ ተዛወርኩ። ብርዱን የማያውቅ ይጠይቀኝ። እዚያ በተራራው ጀርባ የተረፈች አንዲት ያረጀች የጽድ ጫካ ነበረች፤ እሷን ነበር የምንጠብቀው። አንድ ቀን ትልቅ እንግዳ ሊጎበኛት ነው ተባለ። አዲሱ አለቃችን መጥተው ጫካው ውስጥ ዞር ዞር አሉና «ይኼ ሁሉ ቆሻሻ ምንድን ነው? ይጠረግ!» አሉ። ቆሻሻ ያሉት የረገፈውን ቅጠል፣ ቁጥቋጦውንና ከሥር የሚያድገውን ችግኝ ነው። እግዜር ያሳያችሁ፣ ጫካ በመጥረጊያ ጠረግን። ሴቶቹ በመጥረጊያ፣ ወንዶቹ በመንሽ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። እንግዳው በመኪና አልፎ ሄደ፤ መስኮቱን እንኳ ዝቅ አላደረገም። ድኩላው መሸሸጊያ አጥቶ ወጣ፣ ችግኙ ተነቀለ፣ ክረምት ሲገባ ጎርፉ አፈሩን ይዞት ወረደ። አለቃችን ግን ጫካው በመጽዳቱ የምስጋና ደብዳቤ ደረሳቸው። እኔ በዚያ ሰሞን ሥራውን ጥዬ ልሄድ ምንም አልቀረኝ። ሳልሄድ የቀረሁት ወደ ሰበታ ስላዛወሩኝ፣ እዚያም ጋሼ ሽፈራውን ስላገኘሁ ነው።

ጋሼ ሽፈራው በወጨጫ ተራራ ጎን ያለው የተፈጥሮ ደን ዋና ተቆጣጣሪ ነበሩ። የተማሩ ናቸው፣ ግን ትምህርታቸውን እንደ ካባ ደርበው የሚዞሩ ሰው አልነበሩም። ቀጭን፣ ረጅም፣ የኮታቸው ኪስ ሁልጊዜ ቆሎ ያለበት። መዶሻቸውን ለእኔ ያስረከቡኝ እሳቸው ናቸው፤ አመታቱንም ያስተማሩኝ እሳቸው።

አመታቱ ደግሞ እንዲህ ነበር። የሚቆረጥ ዛፍ ልንመርጥ ስንወጣ ጋሼ ዛፉ ሥር ይደርሱና ቁጭ ይላሉ። ቆሎ ከኪሳቸው ያወጣሉ፣ ለእኔም እፍኝ ይሰጡኛል፣ ቀና ብለው እያዩ ይቆረጥማሉ። የመጀመሪያ ቀን ደክሟቸው መስሎኝ ነበር። «ምን እየጠበቅን ነው ጋሼ?» ብዬ ብጠይቃቸው «ተከራይ እንዳለው እያየሁ ነው» አሉኝ። ተከራይ የሚሉት ጉሬዛውን፣ ጉጉቱን፣ ንቡን፣ በዛፉ ጉድጓድ ልጅ የምታሳድገውን ወፍ ነው። ተከራይ ያለው ዛፍ አይመታም። ተከራዩ እስኪለቅ ይጠበቃል፤ ካልለቀቀ ዛፉ ይተዋል።

ተከራይ ከሌለው ይነሱና አንድ ዙር ይዞሩታል። በመዶሻው ጀርባ ቀስ ብለው ይመቱትና ጆሯቸውን ግንዱ ላይ ይለጥፋሉ። ጤነኛ ግንድ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ውስጡ የተበላ ያጉረመርማል። ከዚያ ዘወር ብለው «ሲወድቅ ማንን ይገድላል?» ይላሉ። የሚወድቅበት ቦታ ላይ ችግኝ ካለ በየት በኩል ገመድ ታስሮ በየት እንደሚሳብ ለቆራጮቹ ያሳያሉ። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው መጥረቢያው ቅርፊቱን የሚነካው። አንዱን ዛፍ ለመምታት ግማሽ ቀን የፈጀንበት ጊዜ አለ፤ መጀመሪያ ላይ ትዕግሥቴን ያስጨርሱኝ ነበር።

ታዲያ ዛፍ አይቆረጥ የሚሉ ሰው አልነበሩም። «ጣውላ የማይወጣበትን ጫካ ባለቤት የለውም ብለው ያርሱታል» ይሉ ነበር። ትክክል ናቸው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ጭቅጭቃቸው ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር ነበር። በአንድ ሳምንት ሁለት ትእዛዝ ይደርሰናል። አንዱ ለሕንፃ ሥራ ወራጅ በአስቸኳይ ይቅረብ ይላል፤ ሌላው የውጭ አገር ጎብኚዎች ስለሚመጡ በደኑ ውስጥ የመጥረቢያ ድምፅ እንዳይሰማ ይላል። ሁለቱም ላይ የአንድ ሰው ፊርማ አለ። ጋሼ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጡና «እስኪ ዛፍ ሳይሰማ ቁረጥልኝ» ብለው ይስቁብኝ ነበር። እኔ አልስቅም፤ ደሜ ይፈላ ነበር።

አሁን ኦቦ ቶሎሳን ላስተዋውቅ። ኦቦ ቶሎሳ የመጥረቢያዎቹ አለቃ ነው፤ ጣውላ መሰንጠቂያ ያለው ነጋዴ ከመንግሥት ጋር ተዋውሎ ሲያስቆርጥ ቆራጮቹን የሚመራ። ከሰበታ በላይ ያለው መንደር ሰው፣ ትከሻው የሰፋ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ። ከጋሼ በፊት የነበሩት ጠባቂዎች ጉቦ ይቀበሉና «ቁረጡ፣ ተፈቅዷል» እያሉ በአፍ እየፈቀዱ ጫካውን ሊጨርሱት ነበር። ኋላ ስትጠይቃቸው ማንም አልፈቀደም። ጋሼ ሽፈራው ይህንን በሽታ ለማዳን ሲመጡ መጀመሪያ የያዙት ቶሎሳን ነው።

አንድ ቀን ጠሩትና ማኅተም ያላረፈባትን ጽድ አሳይተው «ቶሎሳ፣ ይህቺን ቁረጣት። እኔ ፈቅጃለሁ» አሉት። ቶሎሳ ምን ያድርግ፣ ዋናው ሹም ናቸው። መጥረቢያውን አነሣ። ከማረፉ በፊት እጀታውን ያዝ አደረጉና እየነዱ ወስደው ሰበታ ፖሊስ ጣቢያ አሳደሩት! በማግሥቱ ራሳቸው አስፈቱትና እዚያችው ጽድ ሥር አቁመው እንዲህ አሉት፦ «ስማ። ማንም ቢነግርህ፣ እኔ ራሴ ብነግርህ፣ መዶሻ ያልነካውን አትንካ። መዶሻ የነካውን ብቻ ቁረጥ። ከእኔ አፍ መዶሻውን እመን።»

ቆየት ብለው እንደገና ፈተኑት። «ቶሎሳ፣ ያንን ወይራ ቁረጠው፣ ዳይሬክተሩም ፈቅደዋል» አሉት። ቶሎሳ መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀምጦ ተቀመጠበት። «ላኪ፣ አይሆንም ጌታዬ፣ መዶሻ የለውም» አለ። ጋሼ ጨበጡት፤ ኪሳቸውን ገልብጠው ቆሏቸውን በሙሉ ሰጡት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ደን ውስጥ አንድም ዛፍ አልተሰረቀም ማለት እችላለሁ። ቶሎሳ ወንድሙ ቢለምነው እንኳ ማኅተም የሌለው ዛፍ ላይ መጥረቢያ አያሳርፍም ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ጥሩ ሰው ሲመጣ ነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያበሳጨኝ ይኼ ነው።

ከውጭ አገር ተምሮ የመጣ ወጣት ዳይሬክተር ተሾመልን። ትዕቢት የለውም፣ በእግሩ ተራራ ይወጣል፣ ዛፉን በላቲን ስሙም በአገሩ ስሙም ይጠራዋል። በወጨጫ ጎን ባለው ሸለቆ ውስጥ የጋሼ ሽፈራው ዓይን የሆኑት እናት ዝግባዎች ነበሩ። ዝግባ ወንድና ሴት አለው፤ ፍሬ የምትሰጠው ሴቷ ናት። ፍሬዋን ወፍና የሌሊት ወፍ ተሸክመው ይዘሩታል፤ ቶሎ ካልተዘራ ዘሩ ይሞታል። ስለዚህ እናት ዛፎቹ ከጠፉ ከሌላ አገር ዘር አምጥተህ አትተካውም ማለት ነው። ጋሼ የሥራ ዘመናቸውን ሁሉ እነዚህን እናቶች ሲጠብቁ ኖሩ። ትልልቅና ቀጥ ያሉ ስለነበሩ ነጋዴው በየዓመቱ ምራቁን ይውጥባቸው ነበር።

ዳይሬክተሩ ሸለቆውን ካየ በኋላ «እነዚህ መነካት የለባቸውም» አለ። ጋሼ ሰውዬውን እቅፍ አደረጉት። የዘመናት ልመናቸውን ሳይለምኑ የሰጣቸው ሰው ነው። ዳይሬክተሩ ቀጠለ፦ በሸለቆው ውስጥ ለጣውላ የደረሰው ሌላው ዛፍ ይቆረጥ፣ መንግሥትም ገቢውን ያግኝ፣ እናቶቹ ግን ለዘርና ለአራዊቱ ይቅሩ። እስከዚህ ማር ነው።

«ታዲያ የሚቆረጠው ብዙ፣ የሚቀረው ጥቂት ስለሆነ» አለ፣ «በመዶሻ የምንመታው የሚቀሩትን ነው። ድካም ይቀንሳል። በሌላም አገር እንዲህ ነው የሚደረገው።»

ጋሼ ፊታቸው ተለወጠ። «ጌታዬ፣ በመዶሻስ አይሆንም። እዚህ አገር መዶሻ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚናገረው።»

«አዲሱን እናስተምራቸዋለን።»

«ቀለም ይሰጠንና በቀለም እንለያቸው።»

ለቀለም በጀት የለም ተባለ። ኖራ አልን፤ ኖራ ዝናብ ያጥበዋል ተባለ፤ ያጥበዋልም። እኔ ደግሞ በአገራችን ሽማግሌዎች የሚጸልዩበት ዛፍ ቅቤ ስለሚቀባ ማንም እጁን አያነሣበትም፣ ቅቤ እንቀባቸው አልኩ። ዳይሬክተሩ አልተቆጣም፤ በቅን ልቡ «ቅቤ በየትኛው ሂሳብ ይወጣል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ስለዚህ መዶሻችንን ይዘን ወረድን። ጋሼና እኔ እናቶቹን እየዞርን መታናቸው። ጋሼ በእያንዳንዷ ሥር እንደ ልማዳቸው ይቀመጣሉ፤ ነገር ግን በዚያ ቀን እጃቸው ከብዷቸው ነበር። መጨረሻ ላይ ከሁሉም የምትበልጠው ዝግባ ሥር ደረስን። ቀና ብለው ብዙ አዩና «ና እስኪ» አሉኝ። ቅርንጫፉ ላይ አንዲት ጉሬዛ ተቀምጣለች፤ ደረቷ ላይ ነጭ ነገር ተጣብቋል። ጉሬዛ ሲወለድ ነጭ ነው፤ ጥቁሩ ኋላ ነው የሚመጣው። መዶሻው ካስደነገጣት ገና ያልጠናውን ልጅ ይዛ መዝለሏ ነው።

«ጋሼ፣ ትእዛዙ ሁሉንም ነው እኮ። ይህቺ ካልተመታች በአዲሱ ሕግ ልትቆረጥ ነው» አልኳቸው።

«ተከራይ ያለው አይመታም። ልጁ ሲጠቁር እመለሳለሁ፤ እስከዚያ ለቶሎሳ እነግረዋለሁ።»

ነገሩት። እኔ ባለሁበት ነው የነገሩት። ቶሎሳን ጠርተው በአማርኛ ነገሩት፣ እኔም በኦሮምኛ ደገምኩለት፦ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ሸለቆ መዶሻ ያለውን አትንካ፣ የሌለውን ቁረጥ፤ ትልቋን ግን መዶሻ ባይኖራትም ተዋት። ቶሎሳ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አየ። ከዚያ ፈገግ አለ። «ኤዬ ጌታዬ፣ ገብቶኛል» አለ። ያንን ፈገግታ ብዙ ጊዜ አስታውሰዋለሁ።

በማግሥቱ ዳይሬክተሩ ለሌሎች ወረዳዎች ተቆጣጣሪዎች አዲሱን ዘዴ እንድናስረዳ እኔንና ጋሼን አዲስ አበባ አስጠራን። አዎ፣ ዘዴውን ልናስተምር! ጥቁር ሰሌዳ ላይ ዛፍ እየሳልን «ይህ ይቀራል፣ ይህ ይቆረጣል» ስንል ሰነበትን። ሻይም ነበር። አንዱ ተቆጣጣሪ «ቆራጮቹ ባይገባቸውስ?» ብሎ ቢጠይቅ ጋሼ «የእኔ ቆራጭ ገብቶታል» ብለው መለሱ።

ስንመለስ ከሩቅ ያየሁት ሰማዩን ነው። በዚያ ሸለቆ ውስጥ ሆኖ ቀና ያለ ሰው ቅጠል እንጂ ሰማይ አይቶ አያውቅም። አሁን ሰማዩ ወለል ብሏል። ጋሼ ፈጥነው ወረዱ፤ እኔም ተከተልኩ። እናቶቹ ተጋድመዋል። ማኅተማችን በየጉቶው ላይ አለ፤ ዘውዱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወንዶቹ ዝግባዎች፣ ጽዱ፣ ወይራው፣ መዶሻ ያልነካው ሁሉ እንደቆመ ነው። አንድ ቅርንጫፍ እንኳ አልተሰበረበትም፤ ቶሎሳ ጋሼ እንዳስተማሩት በገመድ እየሳበ ነበር የጣላቸው።

ቶሎሳ ፊቱ እየበራ ወደ እኛ ሮጠ።

«አካም ጅርቱ ጌታዬ! መዶሻ ያለውን አንድ አላስቀረሁም። የሌለውን አንድ አልነካሁም። ነጋዴው መጥቶ ያልተመታውን ቁረጥ ብሎ ጨቀጨቀኝ፣ ተጣላሁት!»

እኔ ነኝ የጮህኩት። «ኦቦ ቶሎሳ፣ ምን አድርገህ ነው! መዶሻ ያለውን አትንካ አላልንህም?»

ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። «ብላችሁኛል» አለ። ወደ ጋሼ ዞረ። «እንደ በፊቱ ሊፈትኑኝ መስሎኝ ነው። እርስዎ ራስዎ አይደሉ እኔ ራሴ ብነግርህ አትስማኝ፣ ከእኔ አፍ መዶሻውን እመን ያሉኝ?»

ጋሼ ሽፈራው የቅርቡ ጉቶ ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቆሎ አወጡ፤ ወደ አፋቸው ግን አልወሰዱትም። እንደ ልማዳቸው ቀና ብለው አዩ፤ የሚያዩት ነገር አልነበረም። ቶሎሳ ፊታቸውን አይቶ ነገሩ እንደገባው መሬት ላይ ቁጢጥ አለና በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። እኔ ያን ያህል ዘመን ሠርቼ በሥራ ቦታ ያለቀስኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዳይሬክተሩ ደረሰ። እሱም አለቀሰ መሰለኝ፤ መነጽሩን ደጋግሞ ያወልቅ ነበር። ኀዘኑ ግን ወዲያው ወደ ቁጣ ዞረ። «ይህ ሰው ትእዛዝ ጥሶ የመንግሥት ሀብት አጥፍቷል፤ ይታሰር!» አለ። ፖሊስ ተጠራ። የቶሎሳ ሚስት ከታች እየጮኸች መጣች። ዘመኑን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የመንግሥት ደን አጠፋ ተብሎ የገባ ገበሬ መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ የለም።

ጋሼ ከጉቶው ተነሡ። «እሱ ትእዛዝ አልጣሰም» አሉ። «የእኔን ትእዛዝ ነው የፈጸመው። አንድ ጊዜ ማኅተም የሌለው ሊቆርጥ ሲል አሰርኩት። ዛሬ ማኅተም ያለውን ቢቆርጥ ልታስሩት ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ከእስር ቤት ውጭ የሚሠራው ሥራ የቱ ነው?»

«ነግረውታል እኮ፣ አቶ ሽፈራው!»

«ነግሬዋለሁ። እንዳያምነኝም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የሚታሰር ካለ እኔ ልታሰር።»

ዳይሬክተሩ እሳቸውን ማሳሰር አልቻለም፤ ልቡም አልፈቀደለት። ቶሎሳ ተለቀቀ። አንድ ሰው ግን መቀጣት ነበረበትና ጋሼ ገፈርሳ ተመደቡ፣ እኔ ወደጀመርኩበት ባሕር ዛፍ። ያንን የሚያህል ሰው ተሰልፎ የቆመ ባሕር ዛፍ እንዲቆጥር!

እኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ የምቆጣው ሰው ስፈልግ ኖሬአለሁ። ዳይሬክተሩ እናቶቹን ሊያድን ነበር የፈለገው። ጋሼ ሌባውን ሊያቆሙ ነበር። ቶሎሳ ታማኝ ነው። እንደዚያ ሁሉም ጥሩ ሆኖ እንዲህ ያለ ጥፋት መድረሱን አልችለውም። ሌባ ቢቆርጣቸው ይቀለኝ ነበር፤ ቢያንስ የምረግመው ሰው አገኝ ነበር።

በዚያ ሁሉ መሐል አንድ ነገር ያየሁት በማግሥቱ ነው። ትልቋ ዝግባ ቆማለች። ጉሬዛዋም ላይዋ ላይ ነበረች፣ ነጭ ልጇን አቅፋ። ጋሼ ተከራይ አላት ብለው በመዶሻ ስላልነኳት ቶሎሳ አልነካትም። ትእዛዙን ፈጽመን መትተናት ቢሆን ኖሮ ከሌሎቹ ጋር ትጋደም ነበር። ይህንን ሳስብ እስቃለሁ ወይ እናደዳለሁ፣ እስካሁን አልለየሁትም።

ነገሩ በዚህም አላለቀም። ነጋዴው መጣና «በአዲሱ ሕግ መዶሻ የሌለው ይቆረጣል፤ ይህቺ መዶሻ የላትም» አለ። ወረቀቱንም ይዟል። ልክ ነው! ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄጄ በአሮጌው ሕግ አትነካም፣ በአዲሱ ትቆረጣለች፣ ሕጉ የትኛው ነው አልኩት። ጠረጴዛውን በቡጢ መታና «ተዉዋት! ሁላችሁም ተዉዋት!» ብሎ ጮኸ። በሥራ ዘመኔ ከሰማኋቸው ትእዛዞች ሁሉ ግልጽ የነበረው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ መዶሻ ወደ ቀድሞ ሥራው ተመለሰ፤ እኔም በጋሼ ቦታ ተተክቼ እስከ ጡረታዬ እዚያው ቆየሁ።

ጋሼን ቡራዩ ቤታቸው እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። ወጨጫን ለማየት አንድ ቀን እንኳ አልተመለሱም። እኔን ሲያዩ ግን ሁልጊዜ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው።

«ተከራዮቹስ?»

«አሉ ጋሼ። ልጁ ጠቁሯል።» በሌላ ዓመት «ዘንድሮ ብዙ አፍርታለች፣ ወፉ ዘሩን ሸለቆው ድረስ አውርዶታል» እላለሁ። በሌላው ዓመት «ችግኙ ጉልበቴ ደርሷል» እላለሁ። ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ሌላ ወሬ ይገባሉ። አንድ ክረምት ታመው በዚያው አረፉ። ቀብራቸው ላይ ቶሎሳ ከሰበታ በእግሩ መጥቶ ነበር፤ አንድ እፍኝ ቆሎ መቃብሩ ላይ በተነ፤ ቄሱ ሊቆጡት ሲሉ ከለከልኳቸው።

እንግዲህ የንብረት ሹሙ መዶሻዬን ከመለሰልኝ በኋላ፣ እንደነገርኳችሁ ንዴቱ ስላላስቀመጠኝ፣ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሰበታ ወረድኩ። ቶሎሳ ጉልበቱ ከደከመ ወዲህ ቆራጭነቱን ትቷል። ቤቱ ስደርስ ሚስቱ «ብርብርሳዋ ጋ ነው» አለችኝ፤ ዝግባዋን ማለቷ ነው። መዶሻውን በትከሻዬ ይዤ እያረፍኩ ወጣሁ። በሸለቆው ውስጥ ከእኔ ቁመት ያለፉ ዝግባዎች አሉ፤ ሁሉም የእሷ ልጆች ናቸው።

በዝግባዋ ግንድ ላይ ነጭ ቀለበት ተቀብቷል። ከሥሯ ቶሎሳ ተንበርክኮ፣ አንድ ቆርቆሮ ውሃ አጠገቡ አስቀምጦ፣ በእርጥብ ጭድ ግንዱን ይፈትጋል።

«ኦቦ ቶሎሳ! ምን እየሠራህ ነው?»

«እንደምን ዋሉ አለቃ። የመሥሪያ ቤቱ ልጆች መጥተው ምልክት አደረጉባት።»

«ነጭ እኮ ነው! ነጭ ማለት አይቆረጥም፣ ለዘር ይቀራል ማለት ነው። ሕጉ ተለውጧል።»

«ነገሩኝ» አለ፣ መፈተጉን ሳያቆም።

«ታዲያ?»

«ያኔም ነግራችሁኝ ነበር።»

ወገቡን ይዞ ቀና አለ። «አለቃ፣ ያልተቀባውስ ምን ይሆናል አሉ?»

«አይነካም።»

«እንግዲያውስ ቀለሙ ምን ያደርግላታል? ዛሬ ነጩ ይቀራል አሉ፤ ነገ ሌላ የተማረ ሲመጣስ?»

ላስረዳው አፌን ከፈትኩ። ዕድሜ ልኬን ትእዛዝ ሳስረዳ ነው የኖርኩት። በዚህ መሐል ከላይ ቅርንጫፉ ተንኮሻኮሸ፤ ቀና ስል ረጅም ነጭ ጭራ ተንጠልጥሎ አየሁ።

መዶሻዬን ሣሩ ላይ አስቀመጥኩ። ኮቴን አውልቄ እጅጌዬን ሰበሰብኩና ከጭዱ አንድ እፍኝ ወስጄ ውሃ ውስጥ ነከርኩ።

ቶሎሳ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። «በዚያ በኩል ይጀምሩ አለቃ» አለኝ፣ «እዚያ ገና አልደረቀም።»